ቅሬታ የሌለው ሰው

በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ መስኮት ቁጥር አራት ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠው ቅሬታ ተቀባይ፣ ሰው ሲሰድበው ፊቱ የሚለሰልስ ፍጡር ነበር። ቧንቧው ወር ሙሉ የደረቀበት፣ ጓሮው በፍሳሽ የተጥለቀለቀበት፣ የሻይ ቀለም ያለው ውሃ የሚወርድለት ሁሉ ደሙ እየፈላ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ልክ ነዎት»፣ «እውነትዎን ነው»፣ «እኔም ብሆን እናደዳለሁ» እያለ ይጽፋል። ቧንቧውን ያደረቀው እሱ አይደለም፤ የሚጠግነውም እሱ አይደለም። የተቀጠረው ለመስማት ነው፤ ይሰማል። ባልደረቦቹ «ትራሱ» የሚል ስም ያወጡለት ለዚህ ነበር። የፈለገ ሰው የፈለገውን ያህል ቢደበድበው ድምፅ አያሰማም፤ ትንሽ ቆይቶም ተመልሶ ይነፋል።

መሥሪያ ቤቱ ብዙ ደንብ ነበረው። ከነዚያ ሁሉ የሚከበረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚከበረው ትራሱ ስላከበረው ነው። ቅሬታ ተቀባዩ ቅሬታውን በራሱ እጅ፣ በባለጉዳዩ ቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ሁለቱም ይፈርማሉ። ባለጉዳዩ ከቅጹ ግርጌ የተቀደደች ቁራጭ ይዞ ይሄዳል፤ ቁራጯም በአሥራ አምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ እንደሚያገኝ ትነግረዋለች። ያገኘ ሰው እስካሁን አልታወቀም።

ሕመሙ ሲጀምረው ሕመም አይመስልም ነበር። አንድ ቀን የጫማው ማሰሪያ ተበጠሰና ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሩብ ሰዓት አለቀሰ። ሌላ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ያሉት የጥገና ሠራተኞች ስለ እኔ ነው የሚንሾካሾኩት ብሎ ምሳውን ሳይበላ ቀረ። ልቡ ያለ ምክንያት ይርዳል፤ ትናንት የነገሩትን ዛሬ ይረሳል። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ናት፤ ስፌት ሲጣመም ከሥሩ መፍታት እንጂ ከላይ መደራረብ እንደማያዋጣ ታውቃለችና አማካሪ ዘንድ ይዛው ሄደች። አማካሪው ሁለት ጊዜ አዳምጦ ምክንያቱን አገኘሁት አለ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስድብ ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ነው። ማብራሪያው በጣም ከማማሩ የተነሣ ማንም፣ ራሱ በሽተኛው እንኳ፣ ሊጠራጠረው አልደፈረም። ሥራ አስኪያጁም ሰምቶ እረፍት ፈቀደ፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስድብ አሥር ቀን።

በዚህ መካከል ቀኝ ክንዱ ብድግ፣ ቀኝ ጉንጩ ጭምድድ ማለት ጀመረ። ቢበዛ ሁለት ሰከንድ ናት፤ ግን በቀን ሠላሳ ጊዜ ትመጣለች። መስኮቱ ፊት የቆመ ባለጉዳይ እንግዲህ ምን ይበል? አንዳንዱ የጠቀሰው መሰለውና ፈገግ አለ። አንዲት ወይዘሮ ግን አልታገሱም። ቅሬታ አለኝ አሉ፤ በማን ላይ ቢላቸው በአንተ ላይ አሉት። ትራሱ ቅጽ አወጣና በራሱ እጅ «የመስኮት ቁጥር አራት ሠራተኛ ችግሬን ስናገር ፊቱን እያጣመመ አሾፈብኝ» ብሎ ጻፈ። ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሊፈርም ሲል ጉንጩ እንደገና ጭምድድ አለ፤ ወይዘሮዋም «ይኸው» ብለው ከኋላቸው ያለውን ሰልፈኛ ምስክር አደረጉት።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ከነወንበሩ ወደቀ። መላ አካሉ ተንዘፈዘፈ፤ ዘበኛው ሮጦ ኮቱን ጭንቅላቱ ሥር አነጠፈለት። ሰልፈኛው ደነገጠ፣ አዘነ፣ ከንፈሩን መጠጠ። ተራውን ግን ማንም አልለቀቀም።

ሐኪም ቤት ደሙን ወሰዱ፣ ከጀርባው ፈሳሽ ቀዱ፣ ጭንቅላቱን በማሽን አነሱ። ሐኪሟ ቀጭን፣ ፈጣን፣ እየተናገረች የምትጽፍ ሴት ናት። ባልና ሚስቱን አስቀምጣ አስረዳቻቸው።

«የሚጥል በሽታ ነው፤ ግን ከውጭ የመጣ አይደለም። ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቀን ዘበኛ አለው። የእርስዎ ዘበኛ ተሳስቶ የቤቱን ባለቤት ይዞ እየደበደበ ነው። የሚደበድበው ደግሞ አንጎልዎን ነው።»

«ልቅሶውስ?» አለች ሚስቱ።

«እሱም ከዚሁ ነው። ፍርሃቱም፣ መጠራጠሩም፣ መርሳቱም። መንዘፍዘፉ ሳይመጣ በፊት ስሜታቸው የሚናጋባቸው ብዙ ናቸው።»

«ታዲያ ያለቀስኩት እኔ አልነበርኩማ» አለ ትራሱ፤ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ እያለ። በኋላ ጉድ የሠራችው ይህች ፈገግታ ናት። ያለቀሰው በሽታው ከነበረ፣ በሽታው ሲሄድ የሚቀረው ስሜት ሁሉ የራሴ ነው ብሎ ደመደመ። ነገሩ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። አማካሪውም እኮ ትክክል ይመስል ነበር።

ሕክምናው ሠራ። ዘበኛውን የሚያበርድ መድኃኒት በደም ሥሩ ገባ፤ መንዘፍዘፉን የሚያግድ ነጭ ክኒን ጠዋትና ማታ ተሰጠው። በወሩ ክንዱም ጉንጩም አርፈው ተቀመጡ። ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ተመስገን አለ። «ከእንግዲህ ምን ቅሬታ አለህ?» አሉት። ምንም አለ። ከሞት አፍ የተመለሰ ሰው ቅሬታ ካለው መቼም ዓይን ያወጣ ነው።

ቁጣው የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። አንዲት አሮጊት ለአምስተኛ ጊዜ ስለ አንድ ቧንቧ ሊያስመዘግቡ መስኮቱ ጋ ቆሙ። «ልክ ነዎት እማማ» ሊል አፉን ሲከፍት ከሆዱ አንድ ነገር ቱግ ብሎ ወጣ። ወንበሩን ገፍቶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያንን ደረጃ ወጥቶት አያውቅም። የጥገና ኃላፊውን ጠረጴዛ በመዳፉ መትቶ ልክ ልኩን ነገረው። ኃላፊው ክው አለ። ትራስ ሲጮህ ሰምቶ የሚያውቅ ማን አለ? የአሮጊቷ ቧንቧ በሁለት ሰዓት ውስጥ ውሃ ሰጠ።

እሱም ገረመው። ጆሮው ይግላል፤ ግን ደስ ይላል። ይኸው እኔ፣ አለ በልቡ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀብሬ አሁን ወጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቴ ወጣ፤ ከዚያ በየቀኑ። የጥገና ኃላፊው የጫማውን ድምፅ ሲሰማ በኋላ በር እግሬ አውጪኝ ማለት ጀመረ። ባለጉዳዩ ሌሎቹን መስኮቶች ባዶ ትቶ ቁጥር አራት ፊት ተሰለፈ። ሥራ አስኪያጁ አዳራሹ መሀል ጨበጠውና የቅሬታ ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። የሚሽከረከር ወንበርም ተሰጠው። «ትራሱ» የሚለው ስም ቀረና እንደሚፈነዳው የጋዝ ዕቃ «ሲሊንደሩ» ተባለ፤ በዚህም አልተቀየመም። መቀየም የሚባለውን ነገር አልፎት ሄዷል፤ አሁን የሚያውቀው መፈንዳት ብቻ ነው።

ሲሊንደር ግን ከሥራ ሲወጣ መስኮቱ ላይ ተትቶ አይኬድም። እቤት ይዞት ይገባል። ሚስቱ ስፌት መኪናዋን ስታንኳኳ ጭንቅላቱን የወጋችው ይመስለዋልና ተቆጣ፤ እሷም እሱ ካለ መኪናዋን መንካት ተወች። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው ስልክ ላይ ያየችው ነገር አስቋት ከት ስትል ስልኩን ነጥቆ ግድግዳ ላይ አጋጨው። ሌላ ቀን ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ድስቱን ከነምግቡ ወረወረው። በማንም ላይ እጁን አላነሣም፤ ይህንንም ለራሱ ደጋግሞ ይነግረዋል። ከእያንዳንዱ ፍንዳታ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እነሱም «ምንም አይደል» ይላሉ፤ እሱም ምንም አይደል ማለታቸውን ያምናል። ሰዎች ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ምንም አይደል የሚሉት በምን ዓይነት ፊት እንደሆነ ሲያይ የኖረ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ያንን ፊት ሳያውቀው ቀረ።

ሌላም ነበረ፤ ይህንን ለማንም አልነገረም። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋና ያለቅሳል። ለምን እንደሚያለቅስ ቢጠይቁት አያውቀውም። አንዳንድ ቀን መስተዋቱን እያየ፣ ይሄ ፊት ባይኖር ማን ይጎዳል ብሎ ያስባል። የዳነ ሰው እንዲህ አያስብም። ስለዚህ እንዳይሰማ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ውሃ ይቆጠብ የሚል ማስታወቂያ ከራሱ በላይ ተሰቅሎ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ በየጠዋቱ አንድ በርሜል ውሃ ለእንባው መሸፈኛ ያፈሳል።

በየወሩ ሐኪሟ ዘንድ ይሄዳሉ፣ ሚስቱ ከጎኑ ትቀመጣለች።

«መንዘፍዘፍ ነበር?»

«ኧረ የለም።»

«እንቅልፍ? ስሜት? ደህና?»

«ደህና ነኝ፤ ተመስገን።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሐኪሟ ወደ ሚስቱ ትዞራለች።

«ደህና ነው፤ ተመስገን» ትላለች ሚስቱም።

ሐኪሟ ይህን ሁሉ የምትሰማው እየጻፈች ነው። ውጭ አርባ ሰው ይጠብቃታል። በካርዱ ላይ «መንዘፍዘፍ፦ የለም፤ ስሜት፦ ደህና» የሚል መስመር ስምንት ጊዜ ተጻፈ። ሰው ደህና ነህ ሲባል ደህና ነኝ ካላለ ምን ሊል ነው? ጥያቄው ሰላምታ ይሁን ምርመራ የጠየቀችውም የተጠየቀውም አልለዩትም።

በዘጠነኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሲሊንደሩ ቀና ሳይል «ሠላሳ ሰባት» ብሎ ተጣራ። ቀና ሲል መስኮቱ ፊት የቆመችው ሚስቱ ናት። የክት ልብሷን ለብሳለች። ተራ ቁጥሯን በሁለት ጣቷ ይዛለች።

«ምን ሆናችሁ? ልጅቱ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ቅሬታ ላስመዘግብ ነው።»

«ምን ቅሬታ? እቤት አትነግሪኝም?»

«እቤት ቅሬታ ተቀባይ የለም» አለች። «እዚህ ግን አለ ይባላል። አንድ ሰዓት ተሰልፌያለሁ። ቅጹን ያውጡልኝ።»

በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር አንድም ቀን አንቱ ብላው አታውቅም። ጆሮው መጋል ጀመረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀልድሽን ተይና ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አላት። ከኋላዋ የቆመው ሠላሳ ስምንት ቁጥር፣ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ፣ «ምነው ወንድሜ፣ የሰው ቅሬታ መናቅ ጀመርክ እንዴ?» አለው። ሰልፉ አጉረመረመ። ቁጥር አራት ላይ ሰው ተመልሶ አያውቅም።

ቅጹን አወጣ። ሊቀደው ፈልጎ ነበር፤ እጁ ግን ቅጽ መቅደድ አልለመደም።

«ስም… ስምዎ?»

ስሟን ነገረችው፤ ጻፈ። አድራሻዋን ጠየቃት፤ የራሱን ቤት ቁጥር ነገረችው፤ እሱንም ጻፈ። የቅሬታው ዓይነት በሚለው ሥር የውሃ መቋረጥ፣ ፍሳሽ፣ የጥራት ጉድለት፣ የሠራተኛ ሥነ ምግባር እና ሌላ የሚሉ ሳጥኖች ነበሩ። «ሌላ» አለች።

ከዚያ መናገር ጀመረች። ቀስ ብላ፣ እጁ እንዲደርስባት እየጠበቀች፣ ልክ ለልጇ እንደምታስጽፍ። እሱም ከቃሏ ሳይጨምር ሳይቀንስ ጻፈ፤ እጁ ከእሱ ይልቅ ደንቡን ይታዘዛል። ስትጨርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይነበብልኝ» አለች።

የመጀመሪያውን መስመር በለመደው የአዳራሽ ድምፅ ጀመረው።

«ባለቤቴ በሚጥል በሽታ ታሞ ነበር። ታክሞ መንዘፍዘፉ ቆመለት። ከቆመ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ አይሳቅም።» እዚህ ላይ ድምፁ ወረደ።

«አይሰማም» አለ ሠላሳ ስምንት ቁጥር፤ ምን አገባው።

«ልጄ የአባቷን ጫማ ደረጃው ላይ ስትሰማ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ጓዳ ትገባለች። ለምን ትገቢያለሽ ስላት ዛሬ የትኛው አባዬ እንደመጣ እስካውቅ ነው አለችኝ። ባለቤቴ ስልክ ሰብሯል፣ ድስት ወርውሯል። ማንንም አልመታም። ጠዋት ጠዋት…»

«አንድ ቃል ዘለሉ» አለች ሚስቱ።

ዘልሏል። ቃሉን አየው። በራሱ እጅ፣ በራሱ ጽሕፈት የተጻፈ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰው ቅሬታ አንዲት ነጥብ ዘልሎ አያውቅም።

«ማንንም አልመታም፤ እስካሁን» ብሎ አነበበ።

ቅጹ ግን አላለቀም።

«ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ያለቅሳል። ቧንቧውን የሚከፍተው እንዳልሰማው ነው። እኔ ግን በየቀኑ በሩ ማዶ ቆሜ እሰማለሁ። ሐኪሟ ደህና ነው ወይ ስትለኝ ደህና ነው ያልኩት እኔም ነኝ። እውነቱን ብናገር መድኃኒቱን ይቀንሱበትና ተመልሶ ይወድቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ከሞተብኝ ቢጮህብኝ ይሻላል ብዬ ነው። በዚህም ጥፋተኛ ነኝ።»

በሩ ማዶ ቆማ ትሰማው ነበር። ስንት ጠዋት? ይህን ማሰብ ቁጣውን ከሥሩ ነቀለበትና ባዶውን አስቀረው። የቅጹ የመጨረሻ መስመር ግን ባለጉዳዩ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ነው፤ እሱም ተነበበ።

«የዛሬ አሥራ አንድ ቀን የሐኪም ቀጠሮ አለው። እዚያ በገዛ አፉ እውነቱን እንዲናገር እጠይቃለሁ። ካልተናገረ ልጄን ይዤ እህቴ ቤት እገባለሁ። ልሄድ አልፈልግም።»

ፈረመች። ፈረመ። ማኅተሙን መታ። ቁራጯን ቀድዳ ይዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ «አመሰግናለሁ» አለችና ወጣች። ሠላሳ ስምንት ቁጥር ኮፍያውን አውልቆ ትንሽ አሰበና «የእኔ እንኳ ቢቆይም ይቆያል» ብሎ ሄደ። በቁጥር አራት ታሪክ በገዛ ፈቃዱ ተራውን የለቀቀ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ሲሊንደሩ ተገሠጸና ተለወጠ የሚባልባቸው ቀናት ቢሆኑ ደግ ነበር። አልሆኑም። በሦስተኛው ቀን በር አላትሞ ማጠፊያውን ነቀለው፤ በሰባተኛው ልጅቱን በጫማ ማስቀመጫ ምክንያት አስለቀሳት። ማወቅ አልበቃውም፤ ቁጣው ከማወቁ ቀድሞ ይደርሳል። ይህ ነው ያስፈራው። የራሴ ያለው ቁጣ ፈቃድ እንኳ አይጠይቀውም።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ እንደልማዷ እየጻፈች ጀመረች።

«መንዘፍዘፍ ነበር?»

«የለም።»

«ስሜትስ? ደህና?»

«ደህና…» አለ አፉ፤ አፍ የለመደውን ነው የሚለው። የሐኪሟ እስክሪብቶ «ደ» ን ጽፎ ነበር። ሚስቱ መሬቱን እያየች ነው፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ አንድም ቃል አላገዘችውም።

«ደህና አይደለሁም» አለ። «ዶክተር፣ ቅሬታ አለኝ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ ነገራት፤ ስልኩን፣ ድስቱን፣ ጓዳ የምትደበቀውን ልጅ፣ ቧንቧውን። ሐኪሟ አንድ ቃል አልጻፈችም፤ ዓይኑን እያየች ሰማችው። ሲጨርስ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«መሞት አስበው ያውቃሉ?»

ሚስቱ እጅጌውን ያዘችው።

«መሞት ሳይሆን… ባልኖር ብዬ አስባለሁ። ጠዋት ጠዋት። ሰው የማያዝን ቢሆን ብዬ።»

«ራስዎን ለመጉዳት ያሰቡት ነገር አለ?»

«የለም። ልጅቱ አለች።»

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለች ሐኪሟ። ካርዱን ወደ ኋላ ገልጣ ስምንቱን ደህናዎች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ፊቷም ደስ አላለውም። «ነጩ ክኒን አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቁጣ ያመጣል። ሌላ አለ፤ ቀስ እያልን እንቀይረዋለን። ሐዘኑ ደግሞ በሽታው ራሱ ጥሎት የሚሄደው ነው፤ እሱም ይታከማል። ይህን ከሰባት ወር በፊት ልናደርገው እንችል ነበር። እየጻፍኩ የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የቱ ነኝ? የሚያለቅሰው ነው? የሚጮኸው? የበፊቱ?»

«ይህን የሚለይ የደም ምርመራ የለኝም» አለች። «ቀስ ብለው ይፈልጉት።»

ክኒኑ ተቀየረ። መቀየሩ እንደ ሸሚዝ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት መስኮቱ ላይ እንደተቀመጠ ክንዱ ብድግ፣ ጉንጩ ጭምድድ አለና ሚስቱ የፈራችው ደረሰ ተባለ፤ መጠኑን አስተካከሉለትና ተወው። በሳምንት አንድ ቀን የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ይሄዳል፤ ይህኛው ምክንያቱን አገኘሁት አላለም፣ ትራሱም ለዚህ ሲል አከበረው። ቁጣው እየቀነሰ ሲሄድ ሐዘኑ ጎልቶ ታየ። ብዙ ቀን አልጋው ላይ ፊቱን አዙሮ ዋለ። ለሚስቱ ቅሬታ መልስ ለመስጠት አሥራ አምስት የሥራ ቀን አልበቃም፤ አራት ወር ፈጀ። ከመሥሪያ ቤቱ ታሪክ አንጻር ግን ፈጣን ነው።

መሥሪያ ቤቱ ግን አዘነ። የጥገና ኃላፊው በፊት በር መውጣትና መግባት ጀመረ፤ አሮጊቶቹም ለአምስተኛ ጊዜ መመላለሳቸውን ቀጠሉ። ሥራ አስኪያጁ ጠራውና በር ዘግቶ አነጋገረው።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ጤናህን ነው የምወደው። ግን ያ የድሮው ክኒን… ሰኞ ሰኞ ብቻ ብትወስደውስ? ሰኞ ነው ሰው የሚበዛው።»

«አይሆንም ጌታዬ።»

«ግማሹንስ?»

ተጠባባቂነቱ ለሌላ ተሰጠ፤ የሚሽከረከረው ወንበርም አብሮ ሄደ። ትራሱ አንዳንድ ጊዜ የዚያ ጩኸት ትዝ ይለዋል፤ ናፍቆታልም ቢባል ሐሰት አይደለም። ዛሬም ሲበዛበት ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ሳይጮህ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል፤ ከአምስት ቧንቧ ሁለቱ ይጠገናል። ማን እንዳስተማረው አያውቅም፤ ምናልባት ይህኛው እሱ ይሆናል።

እቤት ግን ዝምታው አልለቀቀም። መጮህ ካቆመ ሁለት ወር ሆነው፤ ሚስቱ ግን አሁንም ሲገባ ስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ሁለቱም በትሕትና ያነጋግሩታል፤ «ሻይ ትፈልጋለህ?»፣ «መብራቱን ላጥፋ?»፣ «ይቅርታ አባዬ» ይሉታል። ልጅቱ በሩን ሳታንኳኳ አትገባም። እንግዳ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም የሚፈራ እንግዳ። ቅሬታዋ እንደተመለሰላት ነግራዋለች፣ እህቷ ቤትም አልሄደችም። እሱ ግን መልስ እንዳልሰጠ ያውቃል፤ የተፈረመበት ቅሬታና መፍትሔ ያገኘ ቅሬታ አንድ አለመሆናቸውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሚስቱ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታ ሳለ፣ ልርዳ ብሎ ልብስ አጠበ። የልጅቱን ሁለት ነጭ የዩኒፎርም ሸሚዞችና ሚስቱ ሰኞ የምታስረክባቸውን አሥራ ሁለት የሕፃናት ሸሚዞች፣ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ ቀይ ሽብሽብ ጨርቅ ጋር አንድ ላይ ገንዳ ውስጥ ከተታቸው። በሙቅ ውሃ፤ እንዲጸዳ። ሚስቱ በሩን ከፍታ ስትገባ ገመዱ ላይ አሥራ ሦስት ሮዝ ሸሚዞች ተሰቅለዋል፤ አሥራ አራተኛው እጁ ላይ ነው።

ዕቃዋን መሬት ላይ ጣለችው።

«ምን ሠራህ? ምንድነው የሠራኸው? ሰው ነጭና ቀይ አንድ ላይ ይነክራል? ዓይን የለህም? አሥራ ሁለት ሸሚዝ እኮ ነው፤ አሥራ ሁለት፤ አንገቱን ሁለት ጊዜ ነው የሰፋሁት። ማን ንካልኝ አለህ? አንተ ውሃ ካየህ እጅህ አያርፍም? ዕድሜህን ውሃ መሥሪያ ቤት ኖረህ ልብስ ማጠብ አታውቅም?» እያለች ተጠጋችው፤ እርጥቡን ሸሚዝ ከእጁ ነጠቀችው፤ ጣቷን ደረቱ ላይ እየሰነቀረች ወረደችበት።

ጩኸቱን ሰምታ ልጅቱ ሳታንኳኳ ገባች። ገመዱን አየች። «አባዬ፣ አንተ ግን ጤነኛ ነህ?» አለችና አፏን በእጇ ልትጭን ስትል ሳቁ አመለጣት፤ ከት ብላ ሳቀች፤ ወደ ጓዳም አልሸሸችም።

ትራሱ መሀል ቆመ። ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዚህ ቤት ማንም ተቆጥቶት አያውቅም፤ ማንም ጣቱን አልቀሰረበትም፤ ማንም ስቆበት አያውቅም። አሁን እንዳልፈሩት ገባው። እንባው ያለ ቧንቧ ወረደ። ሚስቱ ዓረፍተ ነገሯ መሀል ላይ ቆመች፤ ጣቷ እንደተቀሰረ ፊቷ ተለወጠ።

«ምነው? አመመህ?»

«አይ፣ ደስ ብሎኝ ነው» አላት። «አልጨረስሽም፤ ቀጥዪ።»

ለአፍታ ዓይኑን አየችው። ከዚያ እርጥቡን ሸሚዝ እጁ ላይ መልሳ ወርውራ ቀጠለች፤ እሱም አንድ ቃል ሳያመልጠው ሰማት።